የሚያስፈልግ እውቀት

«አቁሙት! አቁሙት አልኩ እኮ!»

ኤርላንድ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ቀዩን ቁልፍ በመዳፉ መታው። ግንዱ ግን አምልጧል። አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን ጎበጥ ያለ ጥድ፣ መዞር ሲገባው ሳይዞር መጋዙ ውስጥ ገብቶ፣ ጣውላ መሆን የነበረበት ግማሽ ጎኑ ስብርባሪ ሆኖ ወጣ። መጋዙ እያቃሰተ ቆመ። የፋብሪካው ጩኸት ድንገት ሲጠፋ ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

ኤርላንድ ሠላሳ ዓመት መጋዝ ፊት የተቀመጠ ኦፕሬተር ነው። አብረውት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የቆሙት ማይከንና ሲክስተን ደግሞ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ አፍጥጦ የሚያየውን ስክሪን የሚሠራው የቲመርሲክት ድርጅት ፕሮግራመሮች ናቸው። ስክሪኑ ግንዱን ከመድረሱ በፊት ያሳየዋል፤ ኤርላንድ አይቶ፣ በየት በኩል ቢሰነጠቅ ብዙ ጣውላ እንደሚወጣው ወስኖ ያዞረዋል። የዛሬው አዲስ ስክሪን ግን ግንዱን ያሳየው ካለፈ በኋላ ነበር።

«ይሄን ነው ልትሸጡልን ያሰባችሁት?» አለ ኤርላንድ። «ያለፈ አውቶቡስ አሳይታችሁ ተሳፈር ነው የምትሉኝ።»

«ሙከራ ነው ገና» አለች ማይከን።

«እንግዲያው ሞከራችሁ። ይዛችሁልኝ ሂዱ። የቅድሙን አምጡልኝ፤ የቅድሙ ሸጋ ነበር።»

ሲክስተን ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በወረቀት ላይ «ቬቭ፦ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ዘገየ» ብሎ ጻፈ። ከበላዩ፣ ቅድም ስለተሞከረው ስክሪን፣ በዚያው እርሳስ «ኖርና፦ መዘግየት የለም» የሚል ነበር። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዳሌው ስለሚያመው ሲጎነበስ ጠረጴዛውን ይደገፋል፤ ስብሰባ ላይ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ከጠየቁትም ብዙ አይናገርም።

ድርጅቱ ለሃያ አራት ዓመት ሲሸጠው የኖረው ስክሪን የዚህ ሰው የእጅ ሥራ ነው። እያንዳንዷን ቁልፍ፣ እያንዳንዷን ሠንጠረዥ ከምንም ተነስቶ የጻፋት እሱ ነው። ያ ስክሪን አርጅቶ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አልነሳም ማለት ጀመረ። ስለዚህ መስኮቱንና ቁልፉን ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠውን ዝግጁ መሣሪያ መውሰድ ግድ ሆነ። ብዙ አማራጭ ታይቶ ሁለት ቀሩ። ኖርና የሚጻፈው ሲክስተን ዕድሜ ልኩን በጻፈበት ቋንቋ ነው። ቬቭ ደግሞ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ አንድ ሙሉ ብሮውዘር ከቶ ሁሉን ነገር እንደ ድረ ገጽ ያሳያል፤ ማይከን ያደገችው በሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጣ ሪፖርት እንድትጽፍ የታዘዘችው ማይከን ናት። ሪፖርቱ የሚቀርበው ዛሬ ነው።

ሐሙስ ስለነበር የፋብሪካው ምግብ ቤት የአተር ሾርባና ፓንኬክ ነበር። ሲክስተን ሾርባው ውስጥ ሰናፍጭ እየበጠበጠ አንድ ማንኪያ ቀመሰና፣

«ላይሰንሱን ጨረስኩት» አላት።

«የኖርናን የፈቃድ ውል? አሥራ ሰባቱንም ገጽ?»

«ሁለት ጊዜ። ሃምፑስን ያስፈራው ነገር የለበትም። በነጻ የሚሰጠውን ቅጂ ወስደን ከኛ ኮድ ጋር ሳናጋግረው ለብቻው ፋይል አድርገን እናስቀምጠዋለን። ደንበኛው የኖርናን ፋይል መቀየር ቢያምረው ይቀይር። የኛን ኮድ አሳዩኝ ሊል ግን አይችልም። የግንዱ ስሌት እንደተዘጋ ይቀራል።»

ድርጅቱ የሚኖረው በግንዱ ስሌት ነው፤ እሱን ለማንም አሳይተው አያውቁም። አለቃቸው ሃምፑስ ለሦስት ሳምንት «ኖርና ኮዳችንን አደባባይ ያወጣብናል» ሲል የከረመው እንግዲህ ሐሰት ሆነ። ማይከን ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ማንኪያዋን ግን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ደግሞ ላሳይሽ» አለ ሲክስተን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቻ እንዳትስቂብኝ።»

ላፕቶፑን በሳህኖቹ መካከል አዙሮ ከፈተላት። ስክሪኑ ላይ አንድ ግንድ ይሽከረከራል። የሚሽከረከረው ሳይቆራረጥ ነው።

«ኖርና ነው?»

«ቬቭ ነው። ቤት ስነካካው ነበር። ያንቺው ምስሉን በየጊዜው እንደ አዲስ ሙሉውን ይስላል። እኔ የተለወጠውን ብቻ እንዲስል አደረግኩት። መዘግየቱ ወደ ሩብ ሰከንድ ወረደ። ኖርናን አሁንም አያክልም፤ ግን ሁለቱን ስናሽቀዳድም አንዱን እግሩን አስረን መሆን የለበትም ብዬ ነው።»

«መቼ ተማርከው?»

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀመርኩ። ዘጠኝ ቀን መሆኑ ነው።» ላፕቶፑን ቶሎ ዘጋው። «ለማንም አትንገሪ። ሽማግሌው ከልጆች እኩል ልሩጥ አለ ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል።»

ማይከን አንጀቷን ሊበላት ሲገባ ፈራችው። እውነቱ ይህ ነው፤ ከፊቷ ሾርባ የሚጠጣውን ደግ ሰው አይታ ፈራች።

ከየካቲት ጀምሮ ሁሉም እንደሚያውቀው ከሦስቱ ፕሮግራመሮች አንድ ሰው ይቀነሳል። ሕጉ በመጨረሻ የገባ ቀድሞ ይውጣ ይላል፤ በመጨረሻ የገባችው ማይከን ናት። ከተራ ውጪ እንዲያስቀር ሕጉ የሚፈቅድለትን የሦስት ሰው ዕድል ሃምፑስ ለሁለቱ የሽያጭ ሰዎችና ለሦስተኛዋ ፕሮግራመር ለቶቬ ሰጥቶ ጨርሶታል። ማይከንን የሚያድናት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። የሚቀረው ሥራ ሲክስተን የማያውቀው ዓይነት ከሆነ፣ በስድስት ወር ገደማም ሊለምደው የማይችል ከሆነ፣ ሃያ አራት ዓመት ማገልገሉ አይቆጠርለትም።

በዚያች ከተማ ለፕሮግራመር ሌላ ሥራ የለም። ማይከን ከደቡብ የመጣችው ባሏን ተከትላ ነበር፤ በዓመቱ ተለያዩ። ሁለቱ ልጆች አንድ ሳምንት እሷ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት አባታቸው ዘንድ ናቸው። ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ከተመለሰች ሳምንቱ በዓመት ሁለት ዕረፍት ይሆናል። ትንሹ ልጅ አሁንም እንኳ አርብ አርብ ከአባቱ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያውን ምሽት ያፍራታል።

ቢሮ እንደገቡ ሃምፑስ በመስታወት ወደተከለለችው ትንሽ ክፍል ጠራት። ሃምፑስን አለቃ ብሎ የሚጠራው የለም። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ቢሮ ውስጥ በካልሲ ይንሸራሸራል፣ የሁሉንም ልደት ያስታውሳል፣ ኬኩንም ራሱ ይጋግራል። ሰው ሲያባርር ደግሞ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው።

«ኤርላንድ ጋ እንዴት ነበር?»

«ኖርና ይሻላል። ቬቭ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይዘገያል።»

«ግማሽ ሰከንድ!» ፈገግ አለ። «እኔ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ከዚያ የበለጠ እዘገያለሁ።»

«መጋዝ ፊት አልተቀመጥክማ።»

ከልቡ ሳቀ። «ይሄን እወድልሻለሁ። እይ፣ ማይከን፣ እኔ ይሄን ምረጪ አልልሽም። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። እዚህ ቤት ማንም ከላይ ሆኖ አያዝም።»

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

«የሪፖርትሽ ስድስተኛ ክፍል ባዶ ነው። ‹የሚያስፈልግ እውቀት› የሚለው። የሠራተኛ ማኅበሩ የሚያነበው እሱን ነው እንጂ የግማሽ ሰከንዱን ነገር አይደለም።»

«ላይሰንሱን ሲክስተን አንብቦታል። የሚያሰጋ ነገር የለውም አለ።»

«ሲክስተን ጥሩ ሰው ነው። ሁላችንም እንወደዋለን።» ሃምፑስ በመስታወቱ አሻግሮ አየ። «ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?»

«አንደኛና አራተኛ።»

«ትምህርት ቤቱን ለምደውታል አይደል? ከአባታቸውም ቤት በእግር ነው። ልጅ ሲለምድ መንቀል ከባድ ነው።»

«ሃምፑስ፣ የምትፈልገውን በቀጥታ ንገረኝ።»

«በቀጥታማ አልችልም» አላት፣ እንደ ማዘን ብሎ። «ሕገ ወጥ ነው።»

በሩን ከፍቶላት ቀድማው እንድትወጣ ጠበቀ። ማይከን ወደ ጠረጴዛዋ ስትሄድ ደሟ ፈልቶ ተመልሳ ልትሰድበው አሰበች፤ ግን ምን ብላ? አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ደግሞ ከስድቡ በፊት ሌላ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የሲክስተንን ሙከራ ያየው ሰው እሷ ብቻ ናት።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሃምፑስ፣ ቶቬ፣ ሲክስተንና ማይከን ክቡን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ቶቬ ለራሷ ጓንት ትሠራለች፤ ስብሰባ ላይ ኪሮሽዋን አስቀምጣ አታውቅም፣ በተለይ ስሟ ከቅነሳው መውጣቱን ከሰማች ወዲህ እጇ ፈጥኗል። ማይከን ቃለ ጉባኤ ያዥም አቅራቢም ነበረች።

«እኔ የምመክረው ቬቭን ነው» አለች።

የራሷ ድምፅ እንግዳ ሆነባት። ቀጠለች ግን። በቬቭ የሚሠራ ሰው እንደ ልብ ይገኛል አለች። ላይሰንሱ አጭር ነው፣ ከጠበቃ ያድነናል አለች። ከዚያ ቶቬ ኪሮሽዋን ሳታቆም፣

«ጠዋት ዘገየ አላላችሁም እንዴ?» አለች።

«ይስተካከላል። ምስሉ በየጊዜው ሙሉውን ስለሚሳል ነው። የተለወጠው ብቻ እንዲሳል ከተደረገ መዘግየቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።»

ሲክስተን ቀና ብሎ አያት። እሷ ወረቀቷን አየች።

«በጣም ጥሩ» አለ ሃምፑስ። «እንደ ልማዳችን ዙሩን እንሂድ። ቶቬ?»

«ለኔ ሁለቱም ይሆናል።»

«ሲክስተን?»

ሲክስተን ከንፈሩን አሹሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። የሰሜን ሰው «አዎ» ለማለት አፉን መክፈት አይወድም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ በቃ። ማይከን ከደቡብ የመጣች ሰሞን ሲክስተንን አስም አለበት ብላ መስኮት ስትከፍትለት ከርማለች። አሁን ግን አንዱን ትንፋሽ ከሌላው ትለያለች። የዛሬው «አዎ» አልነበረም። ሆዱን በክርን የተመታ ሰው የሚስበው ትንፋሽ ነበር።

«ሲክስተንም ተስማማ» አለ ሃምፑስ።

ሲክስተን ሰው ፊት ቃል ማረም ዕድሜ ልኩን ሆኖለት አያውቅም። ሁሉም ወደ ማይከን ዞሩ፤ ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በእሷ እጅ ነውና። ማይከን «ሁሉም ተስማምተዋል» ብላ ጻፈች።

«አንዲት ነገር ቀረችን» አለ ሃምፑስ እየተነሳ። «ስድስተኛው ክፍል። ቬቭን የማያውቅ የቤቱ ሰው ለመልመድ ስንት ወር ይፈጅበታል? አንድ ቁጥር ይበቃል። ማይከን፣ እስከ አሥር ሰዓት ለኔም ለማኅበሩም ትልኪዋለሽ።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሲክስተን ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ዳሌውን እያሻሸ ትንሽ ቆመ።

«ያ አዎ አልነበረም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ለምን ቬቭን እንደመረጥሽ አልጠይቅሽም። እኔ ያላየሁት ያየሽው ነገር ይኖራል። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ የኔን ሥራ አምነሽበት ነው የተናገርሽው። እንደሱ ሲሆን ደግሞ ደስ ይላል።»

ማይከን ፊቱን ብታይ እንደምታለቅስ ስላወቀች የሸሚዙን ቁልፍ ታይ ነበር።

«ኮዱን በጋራው ማህደር ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ» አለ። «ሰኞ አሳዪ ማለታቸው አይቀርም፣ እንዳትቸገሪ። ላዩ ላይ ያንቺን ስም ጽፌበታለሁ። የኔ ስም ካለበት ሃምፑስ ሳያየው አሮጌ ነው ይላል።»

«ቤትህስ ያለው?»

«እሱን አጠፋሁት። ሁለት ቅጂ ሲኖር ነገር ይምታታል።»

እንደሱ ሲል ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር፤ ሥራውን በንጽህና የሚጨርስ ሰው ነው። ሲክስተን ቬቭን መሥራት እንደሚችል የሚመሰክር ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጁ በእሷ ስም አዛወረላት።

«ማይከን።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሲክስተን ሰው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ አያውቅም። «ከማኅበሩ ደውለውልኝ ነበር። ቬቭን መልመዱ ከስድስት ወር ካለፈ ሊያስቀሩኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። እኔ ራሴ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ ብል ለራሱ ነው ይላሉ። አንቺ ከጻፍሽው ግን ይታመናል። ሦስት ወር ብትይ ውሸት አይሆንብሽም አይደል?»

«አይሆንም።»

«አራት ዓመት ነው የቀረኝ ለጡረታ። በኔ ዕድሜ ማን ይቀጥራል?» እንደ መሳቅ አለ። «ያንቺስ ነገር እንዴት ይሆናል? አንቺን የሚነኩሽ አይመስለኝም፣ ሃምፑስ ይወድሻል።»

ይህን የተናገረው ከልቡ ነው። የስም ዝርዝሩን ቁጭ ብሎ ያሰላው ሰው አይደለም፤ እሱ ከቀረ ማን እንደሚወጣ አላሰበም። ማይከን ልትነግረው አሰበች። ብትነግረው ተነስቶ ሃምፑስ ዘንድ ሄዶ «እኔ ልውጣ፣ እሷ ልጆች አላት» እንደሚል እርግጠኛ ነበረች። እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። እንደዚያ ካደረገ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ባለ ዕዳው ሆና ልትኖር ነው። ያንን መሸከም ከመዋሸት ከበዳት። ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ሲክስተን ኮቱን ሊያመጣ ሄደ።

ማይከን ማህደሩን ከፈተች። ኮዱ አለ፤ ንጹሕ፣ ከእሷ የተሻለ፣ በየመስመሩ ለሚቀጥለው ሰው ማብራሪያ የተጻፈበት። ከላይ «የጻፈችው፦ ማይከን ሊንድቫል» ይላል። ስሙን ወደ ሲክስተን ለመመለስ ሁለት ቃል መቀየር ብቻ ነበር። ፋይሉን ዘጋችው።

ስድስተኛው ክፍል ውስጥ 3 ብላ ጻፈች። ቁጥሩን አየችው። እውነት ነው፤ ከእውነትም የተረፈ ነው። አጠፋችው። 7 ብላ ጻፈች። ሰባት ሆን ተብሎ የተለካ ይመስላል፣ ማኅበሩ ይጠይቃል። 12 ብላ ጻፈች። አሥራ ሁለት በግምት የተወረወረ ይመስላል። በሆዷ ሲክስተንን ሰደበችው፤ ምን አባቱ ቆርጦት ነው ሰውን እንዲህ የሚያምነው አለች። ያ ስድብ ረዳት። 18 ብላ ጻፈችና ሥሩ፣ «ይህም ሠራተኛው በቬቭ የመሥራት ልምድ ፈጽሞ የሌለው በመሆኑ ነው» ብላ ጨመረች።

ሲክስተን ኮቱን ለብሶ፣ የሱፍ ቆቡን ጆሮው ላይ ስቦ ተመለሰ።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«ስንት አልሽ?»

«እንዳልከኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።» ትከሻው ሲላላ ታየ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ሐይቁ ላይ በረዶው ገና ሰው ይችላል፤ ዓሣ እናጠምዳለን። ለትንሹ የምትሆን አጭር ዘንግ አለችኝ።»

«እንመጣለን» አለች ማይከን።

በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ላከችው።